ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታው አያልቅም፤ ቤት ሲገባ ግን ዝም ይላል

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

የ54 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በልጅነቱ በረዳትነት ጀመረ። አሰብ ክፍት እያለ አሰብ ተመላለሰ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጅቡቲ። ከተጋባን 29 ዓመታችን ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ልጆቹን ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም። እሱ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ያድራል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ከሰል፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ፍየል ይዞ ነው። ለቤቱ አጉድሎ አያውቅም። በዚህ አልወቅሰውም።

ስኳር ዓይኑን ስለነካው መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔም "ተመስገን፣ አሁን ባል አገኘሁ" ብዬ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ አጠገብ ወዳለች ቡና ቤት ይሄዳል። የድሮ ሹፌር ጓደኞቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። እስኪመሽ ስለ መንገድ ያወራሉ። አንድ ቀን መድኃኒቱን ረስቶ ስለሄደ ላደርስለት ወረድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። በእጁ መሪ እያዞረ፣ የድሮውን ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ድምፅ በአፉ እያወጣ ያወራል፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እንዲህ ተጫዋች መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲያየኝ ዝም አለ። ቤት ሲመጣም ቴሌቪዥን ከፍቶ ዝም ነው። "እንዴት ዋልክ?" "ደህና።" በቃ።

ባለፈው ወር ከጓደኞቹ አንዱ ሞቶ ለቅሶ ሄድን። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የማውቅ መስሏቸው፣ "ያ ረዳቱ ሚሌ አቅራቢያ የሞተበት ጊዜ እኛ ነን ደርሰን ያነሳናቸው። ባልሽ ብርቱ ሰው ነው" አሉኝ። እኔ ምንም አላውቅም። ዓመቱን ሲነግሩኝ ግን አስታወስኩ። ያን ጊዜ ቤት መጥቶ ሦስት ቀን ተኝቷል። ወባ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ረሳህ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር። ረዳቱን አውቀዋለሁ። ቤታችን መጥቶ በእጄ በልቷል። የት ሄደ ስለው "ሥራ ለቀቀ" ነው ያለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ እናደዳለሁ። 29 ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት? ሌላስ ያልነገረኝ ምን አለ? ሰው "ሹፌር በየኬላው ሚስት አለው" ሲለኝ ስቄ ነበር የማልፈው። አሁን እሱም ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል። ሌሊት ይባንናል። ተኝቶ በእግሩ ፍሬን ሲረግጥ አየዋለሁ። ትንሿ ልጄ "አባቢ፣ ታሪክህን በስልክ ልቅረጽህ" ስትለው ይሸሻታል። ማወቄን ልንገረው? ወይስ እንዳልሰማ ልሁን? ያንን ቡና ቤትስ ተው ልበለው?

የመንገደኛ ሚስት፣ ከሳሪስ

መልስ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ሐዘን አለ። አንዱን በግልጽ ጽፈሽዋል፤ የረዳቱን ሞት ከሰው አፍ መስማትሽ። ሌላው ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ይመስለኛል። መድኃኒት ይዘሽ በሩ ላይ የቆምሽ ዕለት። ባሏ እንዲህ መሳቅ እንደሚችል ከደጅ ቆማ የምታውቅ ሴት ብትከፋ ማን ይፈርድባታል? ስንት ዓመት የጠበቅሽው ሰው ነው። ሲመጣ ደክሞት፣ ሲሄድ ቸኩሎ። አሁን ጊዜ አገኘ ስትይ ጊዜውን ይዞ ቃሊቲ ወረደ።

እስቲ መጀመሪያ ስለዚያች ቡና ቤት እናውራ። እዚያ አንዱ "ዲቼቶ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ" ሲል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሙቀቱን ሁሉም ያውቀዋል። ፀሐይ የዋለበት ክሪክ በባዶ እጅ እንደማይጨበጥ ያውቃሉ። ገዋኔ ሲባል፣ ሎጊያ ሲባል፣ የማን ቤት ሽሮ እንደሚጣፍጥ፣ የት ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ኬላ ቀን እንደሚበላ ያውቃሉ። ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ተሰልፎ ማደርን፣ ጅቡቲ ፒኬ 12 ላይ ወረቀት እስኪያልቅ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ መተኛትን ያውቃሉ። መንገድ ዳር "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ የሚሮጡትን ልጆች ያውቃሉ። ለአንቺ ለመንገር ግን ከሀ መጀመር አለበት። ዲቼቶ የት ነው? ለምን ሌሊት አትነዱም? ለምን መኪናው ውስጥ አትተኙም? በዚያ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወንዶች ከሀ መጀመር ይታክታቸዋል። አንቺን መናቅ አይደለም።

ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል እየተባለ ሁሌም ይነገራል። ያን ሁሉ ዕቃ የጎተቱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። "መንገዱ እንዴት ነበር?" ብሎ የጠየቃቸው ግን ስንቱ ነው? እርስ በርሳቸው ቢጠያየቁ አይገርመኝም።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤትሽ ሥራውን በፈቃዱ አልተወም፤ ዓይኑ ነው ያስተወው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይህንኑ ሙያ ነው። እዚያች ቡና ቤት ሲቀመጥ ዛሬም ሹፌር ነው። ቤት ሲገባ ጡረተኛ ነው፣ የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የሚደበዝዝበት ሰው ነው። ስለዚህ ተው አትበይው። ብትይው ሊተው ይችላል። ጨዋታውን ግን ለአንቺ ይዞልሽ አይመጣም፤ ዝምታው ነው የሚብሰው። ሻይ ውስጥ በሚጨምረው ስኳር ላይ ግን ተከራከሪው። እዚያ ላይ ከጎንሽ ነኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

ባለቤትሽ እንደዋሸሽ ጽፈሻል፤ ልክ ነሽ፣ ዋሽቷል። ወባ ነው አለ፣ ልጁ ሥራ ለቀቀ አለ። ይህን ልሸፍንለት አልችልም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግርሽ ኖሮ፣ ዕረፍቱ አልቆ ወደዚያው ወደ ሚሌ ሲወጣ ትለቂው ነበር? ሦስት ልጆች፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ ወይም ዕቁብ፣ ሁሉም በእሱ መሪ ላይ ነበር። ብዙ ሹፌሮች ክፉ ወሬ ቤት አያስገቡም። ቤቱ እንዳይረበሽ ብለው ነው። ደግሞም አንዴ አፍ አውጥተው ካወሩት ራሳቸውም ተመልሰው መንዳት የሚችሉ አይመስላቸውም። ያዋጣል ወይ ካልሽኝ፣ ለአንድ ሰሞን ያዋጣል። ሌሊት በእግሩ ፍሬን የሚፈልገው ግን የዚያው ዕዳ ይመስለኛል።

ረዳት ለሹፌር ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ቢነግርሽ ይሻላል፤ ጥቂት ግን ልበል። ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ወርዶ ታኮ የሚያደርግ እሱ ነው። ጎማውን በብረት እየመታ በድምፁ አየሩን የሚለካ፣ ሸራ የሚወጥር፣ ጭነት ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ፣ በረሃ ላይ ሽሮ የሚሠራ እሱ ነው። ሹፌሩ ደግሞ መንገዱ ሜዳ ሲሆን መሪ እያስጨበጠ ያስተምረዋል። ብዙ ጊዜ "አደራ" ብላ የሰጠችው እናት አለች። ባለቤትሽም እኮ እንዲሁ ነው የጀመረው። የሞተበት ልጅ የሥራ ባልደረባው ብቻ አልነበረም፤ እሱ ራሱ በዚያ ዕድሜው ነበር።

እናም ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝ። ያ ልጅ በእጅሽ በልቷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። ነጠላ ተዘቅዝቆ ይሄዳል፣ ይለቀሳል፣ እናቱ ትጽናናለች። አንቺ ይህን አላደረግሽም፤ ስላልተነገረሽ። ንዴትሽ "ለምን ደበቀኝ" ብቻ አይመስለኝም። የልጁን ለቅሶ ተነጥቀሻል። ባለቤትሽም ቢሆን በሥርዓቱ ያለቀሰ አይመስልም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሦስት ቀን ከተኛ በኋላ ተመልሶ መሪ ጨበጠ። ከሁለታችሁም ያልወጣ ለቅሶ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ንግግራችሁን ወደዚያ ብትመሩት ይሻላል ባይ ነኝ፤ "ለምን ዋሸኸኝ" ወደሚለው ሳይሆን።

ስለዚህ ማወቅሽን ንገሪው። እንዳልሰማ መሆን አይሠራም። እኚያ ሽማግሌ አንድ ቀን "ለባለቤትህ አወጋኋት" ማለታቸው አይቀርም፤ ምናልባትም ብለውታል። ያን ጊዜ አንቺም ደባቂ ሆንሽ ማለት ነው።

አነጋገሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሮች ከኋላው ራቅ አድርገው ቅጠል ይጥላሉ አይደል? የሚመጣው ሰው ድንገት እንዳይላተም፣ ቀስ እንዲል። አንቺም መጀመሪያ ቅጠል ጣይለት። እንዲህ ልትይው ትችያለሽ፦ "ለቅሶ ቤት ስለ ልጁ ሰማሁ። ያን ጊዜ ስለ ክፍያ ስጨቀጭቅህ አላወቅኩም ነበር። አሁን ንገረኝ አልልህም። መናገር በፈለግክ ቀን ግን እሰማሃለሁ።" ከዚያ ሌላ ወሬ አንሺ፣ ወይም ቡናሽን ቁዪ። መልስ አትጠብቂ።

ይህን ስትይው ፊት ለፊት አታስቀምጪው። ሹፌር ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ወደፊት እያየ ነው፤ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሐኪም ቤት አብራችሁ ስትሄዱ፣ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ እንደዚያ ሲሆን ይቀለዋል። ልጆቹ ባሉበት ግን አይሁን።

"ማን ነገረሽ?" ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ተነስቶ ሊወጣም ይችላል። አትከተይው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እባክሽ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ፦ "ጥፋቱ የማን ነበር?" ይህን ራሱን ስንት ሌሊት እንደጠየቀ አናውቅም። መልሱ ካለ እሱ ያምጣው።

"በየኬላው ሚስት" የሚለውን በተመለከተ፣ የጻፍሽልኝ ውስጥ ወደዚያ የሚያመለክት ነገር አላየሁም። የደበቀሽ ሞት ነው፤ ሞትን መደበቅና ሴትን መደበቅ አንድ አይደለም። ይህ ተረት የሹፌር ሚስቶችን ሁሉ ሲያቆስል የኖረ ነው። እውነት የሚያጠራጥርሽ ምልክት ካለ፣ ወሬ ሳይሆን ያየሽው ነገር፣ በሌላ ቀን በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅ መብትሽ ነው። ጓደኞቹን ግን አትሰልዪበት። ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ቀን ካነሳሽበትም አንዱንም አታገኚውም።

ትንሿ ልጅሽ ብልህ ናት። ስልኩን ግን ለጊዜው ታስቀምጠው። ሰው ካሜራ ሲደቀንበት "ታሪክ" መናገር ያለበት ይመስለዋል፤ ይጨነቃል። ይልቅ እንዲህ ታድርግ። ማታ አጠገቡ ተቀምጣ የከተሞቹን ስም በተራ ትጥራለት። አዳማ። መተሃራ። አዋሽ። ገዋኔ። ሚሌ። ሎጊያ። ሰርዶ። ዲቼቶ። ጋላፊ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይንገራት። መተሃራ ስትል የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ወደ መንገዱ ሲጠጋ ምን ይመስል እንደነበር ይነግራት ይሆናል። አዋሽ ስትል መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን፣ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ አፋር በረሃ። ሚሌ ላይ ሲደርስ ሊዘል ይችላል። ይዝለል። "ሚሌንስ?" አትበለው። ጨዋታው ከጣመው ራሱ "ለምን አትቀርጪውም?" ማለቱ አይቀርም። ሲቀረጽም ስለ አደጋው ያለውን እሱ ካልፈቀደ ለማንም አታሰማ።

አንቺም የራስሽ ጥያቄ ይኑርሽ። እኔ ብሆን ከአሰብ እጀምር ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የአሰብ መንገድ በአንድ ጊዜ ነው የተዘጋው። ባቲ፣ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያሉ የኖሩ ሹፌሮች ፊታቸውን ወደ ጋላፊ አዞሩ። አዲስ ወደብ፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ወረፋ። እንደጻፍሽው ከሆነ ያን ጊዜ ከተጋባችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ጭነት ከአሰብ ያወጣው መቼ ነበር? የት ሆኖ ሰማ? አንቺስ የት ነበርሽ? እሱ በረሃ ላይ ሆኖ፣ አንቺ ቤት ሆነሽ፣ ሬዲዮ እየሰማሽ ምን ታስቢ ነበር? ይህን አንድም ቀን ነግረሽው ታውቂያለሽ?

ይህን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንቺም ለእሱ ያልነገርሽው ብዙ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሞባይል ባልነበረበት ዘመን ልጅ በትኩሳት ሲቃጠል ለብቻሽ ሐኪም ቤት ያደርሽበት ሌሊት። ከመጣበት መኪና ወርዶ በሩን ሲያንኳኳ ልጅሽ "እናቴ፣ ሰውዬ መጣ" ያለችበት ቀን፣ እንዲህ ያለ ነገር በስንት የሹፌር ቤት ደርሷል። መንገድ ላይ አደጋ ደረሰ ሲባል የመኪናውን ታርጋ እስክትሰሚ የቆምሽበት ሰዓት። እሱ ይህን አያውቅም። "ሁሉም ደህና ነው" ብለሽው ስለሸኘሽው ነው የማያውቀው። አንቺም ክፉ ወሬ መንገድ ላይ እንዳይከተለው ደብቀሻል። ንገሪው። የእሱን ለማውጣት ብለሽ ሳይሆን የራስሽ ስለሆነ ንገሪው።

ስለ ሌሊቱ መባነን ግን ጊዜ አትስጪ። መጀመሪያ ስኳሩን የሚከታተለውን ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌሊት ስኳሩ ዝቅ ሲል ያልበዋል፣ ይቃዣል፣ ይባንናል። ሲነቃ የሚያልበውና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በስኳር መለኪያው ለኩና ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ውሰዱ። ስኳሩ ደህና ከሆነ ግን ጉዳዩ የቆየው አደጋ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሕክምና አለ። አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። "አእምሮ" የሚለውን ቃል ሲሰማ እምቢ የሚል ከሆነ "ለእንቅልፍህ" በይው፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ የሚያስቸግረው እንቅልፉ ነው። የንስሐ አባት ካላችሁም በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል ሐኪም። አንዱ ሌላውን አይተካም። የአንቺም እንቅልፍ ማጣት በዚሁ ከቀጠለ ለራስሽም እንዲሁ አድርጊ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቶሎ ሳይሆን እሱ ስለ ልጁ ጥቂት መናገር ሲጀምር፣ ቤተሰቦቹ የት እንዳሉ ጠይቂው። ምናልባት እናቱ በሕይወት አለች። ምናልባትም እሱ እስከዛሬ ይጠይቃት ይሆናል፣ ወይም ፊቷን ለማየት ፈርቶ ይሆናል። አብራችሁ ሂዱ። በአገራችን ለቅሶ ቢዘገይም አይቀርም፤ "አልሰማሁም ነበር" ብሎ ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰው ከደጅ ተመልሶ አያውቅም። እሱ ደጃፍ ላይ ቢያመነታ አንቺ ቅደሚ። አንቺ በእውነትም አልሰማሽም ነበር።

እስከዚያው ግን በሚመጣው እሑድ ቡና አፍይና ሁለት ሦስቱን ጓደኞቹን ቤትሽ ጥሪያቸው። ቃሊቲ ያየሽውን ሰውዬ ሳሎንሽ ውስጥ ታገኚው ይሆናል። ሚስቶቻቸውም አብረው ይምጡ። እነሱም የሚሉት አይጠፋም፤ ወንዶቹ ስለ ሰርዶ ሲያወጉ እናንተ ስለ ታርጋ ቁጥር ታወሩ ይሆናል። ያ ሽማግሌ ከመጡ ደግሞ አትቀየሚያቸው፤ ከጎንሽ አስቀምጪያቸው።